ስለ ኮምፒዩተር ፎርምና ስለ መቆጣጠሪያዎቹ አሠራር

ታናሽ ወንድሜ የተወለደው ጳጉሜን 4 ቀን ነው። እናቴ የልደቱን ወረቀት ልታወጣለት ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት በሄደች ጊዜ እኔም ተከትያት ነበር። ጸሐፊዋ ስሙን ጠይቃ ጻፈች፤ የአባቱንና የአያቱንም ስም ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ የተወለደበትን ቀን ጠየቀች። እናቴም «ጳጉሜን 4» ብላ መለሰች። ጸሐፊዋ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የወሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች፣ ከታችም እስከ ላይ ብትፈልግ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለቱ ወሮች ብቻ ተደርድረዋል እንጂ ጳጉሜን የሚባል አልተገኘም። «እትዬ፣ ማሽኑ ጳጉሜንን አያውቅም፤ ነሐሴ 30 ልበለው?» አለች። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ብዙ ስለ ነበረ እናቴ እሺ አለች። ወንድሜም በወረቀት ላይ አራት ቀን ቀድሞ ተወለደ።

ነገሩ ትንሽ መስሎን ነበር። ዳሩ ግን የክትባቱ ካርድ ጳጉሜን 4፣ የልደቱ ወረቀት ደግሞ ነሐሴ 30 የሚል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት በተፈለገ ጊዜ ሁለቱ ወረቀቶች አልተስማሙም። እናቴ ከሥራዋ እየቀረች አራት ጊዜ ተመላለሰች። እኛም በቤታችን ጸሐፊዋን ስንወቅስ ቈየን። እኔ ግን ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክበብ ገብቼ ፎርም መሥራት ከተማርሁ ወዲህ ወቀሳችን ያለ ቦታው እንደ ነበረ ተረዳሁ። ጸሐፊዋ ካልተሰጣት ዝርዝር ውስጥ መምረጥ አትችልም። ያን ዝርዝር አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ሰጥቶ የሠራው ሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱም በዚያን ቀን እዚያ አልነበረም፤ የእናቴንም ፊት አላየም።

ውድ አንባብያን፤ ይህን ጽሑፍ ሳቀርብ ዐዋቂ ነኝ በማለት አይደለም። የክበባችን አባሎች ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዋሻ ፎርም ስንሠራ ያገኘነው ትምህርትና ያደረግነው ስሕተት ከኛ በኋላ ለሚመጡት ይጠቅም ይሆናል በማለት ነው። ኮምፒዩተር የማይወዱ አንባብያንም ቢሆኑ አንድ ቀን በአንድ ጽሕፈት ቤት መስኮት ፊት ቆመው ስማቸውንና ዕድሜያቸውን መናገራቸው ስለማይቀር ነገሩ እነሱንም ይመለከታቸዋል።

በመጀመሪያ ፎርም ማለት ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። የወረቀት ፎርም ነጥብ ነጥብ የተሰመረበት፣ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ነው። የሚሞላው ሰው ቦታ ቢያጥረው በኅዳጉ ላይ ይጽፋል፤ የማይስማማው ጥያቄ ሲገጥመው ሰርዞ በላዩ ላይ ያስተካክላል። የኮምፒዩተር ፎርም ግን ኅዳግ የለውም። የሚጻፈው በተሰጠው ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሣጥኑም የሚቀበለው ሠሪው የፈቀደለትን ብቻ ነው። እነዚህ ሣጥኖች፣ ቁልፎች፣ ዝርዝሮችና ምልክት ማድረጊያዎች በጠቅላላው ኮንትሮል፣ ባማርኛ መቆጣጠሪያ ይባላሉ።

እያንዳንዱ መቆጣጠሪያ በፕሮግራም ሠሪው ዓይን ሲታይ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ፕሮፐርቲ የሚባለው ጠባዩ ነው፤ ይኸውም ስፋቱ፣ ቀለሙ፣ በላዩ የተጻፈው ቃል፣ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ኢቨንት የሚባለው በሱ ላይ የሚደርሰው ነገር ነው፤ ሲነካ፣ ሲጻፍበት፣ ሲለቀቅ ማለት ነው። በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ የቤት በር እንጨት ወይም ብረት መሆኑ ጠባዩ ነው፤ መንኳኳቱ በሱ ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ «ማን ነው?» ብሎ ተነሥቶ የሚከፍተው ሰው ደግሞ እኛ የምንጽፈው ፕሮግራም ነው። በሩ ካልተንኳኳ ሰውየው አይነሣም። ከዚህ ቀደም ፕሮግራም ማለት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በተራ የሚሄድ ትእዛዝ ነው ብለን ስለ ተማርን፣ ይህ ተቀምጦ የመጠበቅ ነገር ለብዙዎቻችን ቶሎ አልገባንም ነበር።

የታሪኩን ነገር ባጭሩ ልጥቀስ። አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ማውስን እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለሕዝብ አሳየ። ዜሮክስ የተባለው ኩባንያ በ1973 አልቶ የሚባለውን ኮምፒዩተር ሠራ፤ አፕል ደግሞ በ1984 ማኪንቶሽን አወጣ። በዚያ ዘመን አንድ ቁልፍ የሚታይበት መስኮት ለመሥራት ብዙ መስመር ፕሮግራም መጻፍ ያስፈልግ ነበር። ማይክሮሶፍት በ1991 ቪዥዋል ቤዚክን ሲያወጣ ግን ቁልፉን በማውስ ይዞ ወደ ፎርሙ መጎተት ብቻ በቂ ሆነ። ዛሬ እኛ የምንሠራበት ዊንዶውስ ፎርምስ ከዶት ኔት ጋር በ2002 የወጣ ነው። ሥራው እንዲህ ቀሎ ሳለ ስሕተታችን አለመቅለሉ ግን ያስደንቀኛል።

እንግዲህ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን ልመለስ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብዙ ዓመት በአንድ ትልቅ መዝገብ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። መጽሐፍ የወሰደ ተማሪ ስም፣ ክፍል፣ የወሰደበት ቀንና የሚመልስበት ቀን በመዝገቡ ላይ ይሰፍራል። በሰኔ ወር ያልተመለሰ መጽሐፍ ሲፈለግ ገጹን ሁሉ መግለጥ ስለሚያስፈልግ ብዙ መጽሐፍ ጠፍቶ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም መልሶ ያስረከበ ተማሪ አልመለስህም ተብሎ ካርዱ ይያዝበታል። የካርድ መያዝ ደግሞ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ክበባችን ይህን መዝገብ በኮምፒዩተር ልንተካው ተነሣን።

የመጀመሪያው ሥራችን ስም መቀበያ ነበር። ለዚህ የሚሆነው መቆጣጠሪያ ቴክስት ቦክስ ይባላል፤ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚቀበል ባዶ ሣጥን ነው። ከጎኑ ሌብል የሚባል፣ የማይጻፍበት፣ ጥያቄውን ብቻ የሚያሳይ ጽሑፍ ይቀመጣል። እኛ ከአንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ምሳሌውን ስለ ቀዳን ሁለት ሣጥን አደረግን፤ አንዱ ለስም፣ ሁለተኛው ለቤተሰብ ስም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ባገራችን እንደሌለ የታሰበን ኃላፊው «የቱን ልጻፍ፣ የአባቱን ነው ወይስ የአያቱን?» ብለው ሲጠይቁን ነው። በዚያው ቀን ሦስት ሣጥን አደረግነው። ዳሩ ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ ለሣጥኖቹ የሰጣቸውን ስም ሳንለውጥ፣ ቴክስት ቦክስ 7፣ ቴክስት ቦክስ 8 እያልን ስለ ተውናቸው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የአባት ስም በአያት ቦታ፣ የአያት ስም በአባት ቦታ ሲመዘገብ ቈየ። ለመቆጣጠሪያ ሁሉ ሥራውን የሚገልጽ ስም መስጠት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኛ ግን በስንፍና ተውነው።

ለስልክ ቍጥርም ተመሳሳይ ነገር ደረሰብን። ቍጥር ስለ ሆነ ኑመሪክ አፕዳውን የሚባለውን፣ በትንንሽ ቀስቶች ቍጥር ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ መረጥን። ያገራችን የሞባይል ስልክ በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር የፊተኛው ዜሮ ሁልጊዜ ይጠፋ ነበር። ስልክ በስሙ ቍጥር ይባል እንጂ አይደመርም፣ አይቀነስም፤ ስለዚህ እንደ ጽሑፍ ተቈጥሮ በቴክስት ቦክስ መግባት አለበት።

ሬዲዮ ባተን ስለሚባለው ክብ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ስሙ የመጣው ከድሮ የመኪና ሬዲዮ ነው፤ አንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ቀደም ብሎ ተጭኖ የነበረው ብቅ ይላል። ስለዚህ ከብዙ አንዱን ብቻ ለመምረጥ ይጠቅማል። እኛ ጾታን በሁለት፣ የትምህርት ፈረቃን በሌላ ሁለት ክብ አድርገን ሁሉንም በፎርሙ ላይ በተንን። ወንድ የሚለውን መርጠን ጧት የሚለውን ስንነካ ወንድ የሚለው ይጠፋ ጀመር! ምክንያቱም በአንድ መያዣ ውስጥ ያሉ ክቦች ሁሉ እንደ አንድ ቡድን ስለሚቈጠሩ ነው። ግሩፕ ቦክስ የሚባል አጥር እየሠራን ጾታን በአንዱ፣ ፈረቃን በሌላው ስናስገባ ነገሩ ተስተካከለ።

ክፍልን ለመምረጥ ኮምቦ ቦክስን ተጠቀምን፤ ይኸውም ሲነኩት ዝርዝር የሚዘረጋ ሣጥን ነው። ይህ መቆጣጠሪያ እንደ ተፈጠረ ቢተዉት ከዝርዝሩ ማስመረጥ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይፈቅዳል። በዚህ ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ «9ሀ»፣ «9ኛ ሀ»፣ «ዘጠነኛ ሀ» የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ተፈጠሩና የ9ኛ ሀ ተማሪዎች ስንት መጽሐፍ እንደ ወሰዱ ሲጠየቅ ሦስት ልዩ ልዩ መልስ መጣ። ድሮፕዳውን ስታይል የሚባለውን ጠባዩን ከዝርዝር ብቻ ወደሚያስመርጠው ስንለውጥ መፍትሔ አገኘን። ሌላም የማይታይ ወጥመድ አለበት፤ አንድ ሰው ክፍሉን ከመረጠ በኋላ ገጹን ዝቅ ለማድረግ የማውሱን መንኰራኵር ቢያዞር የሚዞረው ዝርዝሩ ሊሆን ይችላል፤ ሳያስበውም ሀ የነበረው ለ ይሆናል።

ከሁሉ የከበደን የቀን ነገር ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ውስጥ ዴት ታይም ፒከር የሚባል በጣም ያማረ መቆጣጠሪያ አለ፤ ሲነኩት ትንሽ የቀን መቍጠሪያ ይገልጣል። በዶት ኔት ውስጥ የዕብራውያን፣ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የጃፓንና የታይላንድ ዘመን አቈጣጠር ተጽፎ ይገኛል፤ የኛ ግን የለም። ስለዚህ ያ ያማረው መቆጣጠሪያ ለኛ አይሆንም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ልጨምርልህ ቢሉትም አይቀበልም። ይህን ባየሁ ጊዜ የወንድሜ ነገር ታወሰኝ። ያ ሠሪ የወሮቹን ስም ባማርኛ መጻፉን አሰበ እንጂ ስንት እንደ ሆኑ አልቈጠረም ማለት ነው።

እኛ በበኩላችን ሦስት መቆጣጠሪያ ጎን ለጎን አደረግን፤ ለቀኑ ኑመሪክ አፕዳውን፣ ለወሩ አሥራ ሦስት ስም የያዘ ኮምቦ ቦክስ፣ ለዓመተ ምሕረቱ ሌላ ኑመሪክ አፕዳውን። ወሩ በተለወጠ ቍጥር ፕሮግራሙ ይነሣና ጳጉሜን ከሆነ የቀኑን ወሰን 5፣ ያለዚያ 30 ያደርጋል። ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው 3 ሲሆን፣ ማለት በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2011 እና በ2015 ዓ.ም. እንደ ሆነው። ስለዚህ ወሩ ሲለወጥ ብቻ ሳይሆን ዓመቱ ሲለወጥም ወሰኑ እንደ ገና መታየት አለበት።

በወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ትክክል ነበር። በመጀመሪያ ቀን ግን ፎርሙ «ጳጉሜን 17»ን በደስታ ተቀበለ። ሁለት ሰዓት ያህል ከፈለግን በኋላ ያገኘነው ስሕተት ይህ ነው፤ ኮምፒዩተር ዝርዝርን የሚቈጥረው ከዜሮ ጀምሮ ስለ ሆነ መስከረም ዜሮ፣ ጳጉሜን 12 ነው። እኛ ግን «ቍጥሩ 13 ከሆነ» ብለን ጽፈን ነበር። 13 የሚባል ቍጥር ከቶ ስለማይመጣ ትእዛዛችን አንድም ጊዜ አልተፈጸመም።

ይህንም ካረምን በኋላ ሁለተኛ ነገር ተገለጠ፤ እኔ ከሁሉ አደገኛ ነው የምለው ይህ ነው። ኑመሪክ አፕዳውን የላይኛው ወሰኑ ዝቅ ሲል በውስጡ ያለውን ቍጥር ከወሰኑ በላይ ሆኖ ካገኘው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ወሰኑ ያወርደዋል። ነሐሴ 28 ብሎ የጻፈ ሰው እጁ ስቶ ጳጉሜንን ቢነካ ቀኑ ወዲያው 5 ይሆናል፤ ተመልሶ ነሐሴን ሲመርጥ ቀኑ 5 እንደ ሆነ ይቀራል። ምንም የስሕተት ድምፅ አይሰማም። እንግዲህ ፕሮግራማችን ወሰኑን ከማውረዱ በፊት ቀኑን እንዲያይ፣ የሚበልጥ ከሆነም ቀኑን በቀይ ቀለም አሳይቶ «ቀኑን እንደ ገና ይመልከቱ» እንዲል አደረግን። የጮኸ ስሕተት ይታረማል፤ ዝም ብሎ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ ግን የሰው የልደት ቀን ለውጦ ይሄዳል።

መጽሐፍ የሚመለስበትን ቀን ሲያሰላም እንዲሁ አሳፍሮናል። መጽሐፍ ለ14 ቀን ይዋሳል። ነሐሴ 28 ቀን የወሰደ መምህር መቼ ይመልስ ብንለው፣ ወሩን ሁሉ ሠላሳ ቀን አድርጎ ስለ ቈጠረ ጳጉሜን 12 አለ። ትክክለኛው መስከረም 7 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 6። መምህራችን ያሳዩን መፍትሔ ቀላል ነበር። ቀኑ በማኅደሩ ውስጥ የሚቀመጠው በኮምፒዩተሩ አቈጣጠር ይሁን፤ መደመርና መቀነሱም በዚያው ይፈጸም፤ በፎርሙ ላይ ሲገለጥ ብቻ በኛ ዘመን አቈጣጠር ይጻፍ አሉን። ለሰው የሚታየውና ለማሽኑ የሚመቸው አንድ መሆን የለበትም ማለታቸው ነው።

ትምህርት ቤታችን ያሳቀንን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ባዶ ስም እንዳይመዘገብ በማሰብ ቫሊዴቲንግ በሚባለው ኢቨንት፣ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ሰውየው ከሣጥኑ እንዳይወጣ ከለከልን። ሐሳቡ መልካም ነበረ። በማግሥቱ ኃላፊው ፎርሙን ከፍተው ስም ሳይጽፉ ስልክ ተደወለላቸው። ሲመለሱ ፎርሙን ሊዘጉ ቢሉ እምቢ አለ፤ «ተወው» የሚለውን ቁልፍ ቢነኩ እምቢ አለ፤ ወደ ሌላ ሣጥን ሊሄዱ ቢሉም «ስም ይጻፉ» አላቸው። በመጨረሻ ሶኬቱን ነቀሉት። እኛን ባገኙን ጊዜ «እናንተ ልጆች፣ እኔ ቤተ መጻሕፍት እንጂ ወህኒ ቤት አላዘዝኋችሁም» አሉን።

ጥፋታችን ምን እንደ ነበረ አሁን ይገባኛል። ስሕተትን መግለጽና ሰውን መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ ኤረር ፕሮቫይደር የሚባለው መቆጣጠሪያ በጎደለው ሣጥን አጠገብ ትንሽ ቀይ ምልክት ያበራል፤ ሰውየው ግን ወደ ፈለገበት ይሄዳል። የሚከለከለው በመጨረሻ «መዝግብ» የሚለውን ሲነካ ብቻ ነው። «ተወው» የሚለው ቁልፍ ደግሞ ኮዝስ ቫሊዴሽን የሚባለው ጠባዩ ጠፍቶ፣ ሁልጊዜ እንዲያስወጣ ተደርጓል።

ስለ «መዝግብ» ቁልፍ ካነሣሁ ዘንድ ሌላም አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር አሮጌ ስለ ሆነ አንድ መዝገብ ሲያስገባ ጥቂት ይዘገያል። ኃላፊው አልሠራ ብሎ መስሏቸው ደጋግመው ስለ ነኩት አንድ ተማሪ አንድን መጽሐፍ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ወሰደ ተብሎ ተጻፈ። ቁልፉ ሲነካ ወዲያው እንዲዘጋ፣ ሥራው ሲያልቅ እንዲከፈት አደረግን፤ ነገር ግን አልዳነም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፎርሙ ሥራ ላይ ሳለ የሚመጡት ንክኪዎች አይጠፉም፤ በሰልፍ ቆመው ይጠብቃሉ። ሥራው አልቆ ቁልፉ ሲከፈት በሰልፍ የቆሙት አንድ ባንድ ይገባሉ። መድኃኒቱ የመመዝገቡን ሥራ ከፎርሙ ለይቶ በጎን እንዲካሄድ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ፎርሙ ነፃ ስለሚሆን ንክኪዎቹ ቁልፉ ዝግ ሳለ ይደርሳሉና ባክነው ይቀራሉ። ከዚህም ጋር አንድ መጽሐፍ ሳይመለስ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይዋስ በማኅደሩ በራሱ ሕግ አኖርን፤ በበሩ ጠባቂ ብቻ መታመን አይበቃምና።

አሁን ደግሞ ክርክር ስላስነሣብን ነገር ልንገር። ስም ሲፈለግ አይገኝም ነበር። ኃይሉ ብሎ የተመዘገበውን ሀይሉ ብለው ቢፈልጉት የለም ይላል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ለማሽኑ ፈጽሞ ሦስት ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው።

እኔ ያመጣሁት ሐሳብ ቴክስት ቼንጅድ በሚባለው ኢቨንት፣ ሰውየው እየጻፈ ሳለ ሣጥኑ ራሱ ፊደሉን ወደ አንድ ዓይነት እንዲለውጠው ነበር። ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር፤ በሁለት ምክንያት ወደቀ። አንደኛው የሥራ ነው፤ ፕሮግራም የሣጥኑን ጽሑፍ በለወጠ ቍጥር መጻፊያው ጭረት ወደ መጀመሪያው ስለሚመለስ ቀጣዩ ፊደል ከፊት ይገባል፤ ደግሞም ባማርኛ አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ በሁለት ቁልፍ ስለሚጻፍ፣ ፊደሉ ሳያልቅ ሣጥኑ ጣልቃ እየገባ ያበላሸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ከአንዲት የክፍላችን ልጅ የመጣ ነው። ስሟን በሠ ጽፋ በዓይኗ ፊት ወደ ሰ ሲለወጥ ባየች ጊዜ፣ «አያቴ ያወጡልኝ ስም በንጉሡ ሠ ነው፤ የሚለውጠው ማነው?» ብላ ተቈጣች። እኔም መልስ አጣሁ። የእናቴን ጸሐፊ ነሐሴ 30 አስብሎ የነበረው ሰው በዚያን ሰዓት እኔ ራሴ ነበርሁ።

ስለዚህ ስሙ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ይቀመጣል። ከጎኑ ግን ማንም የማያየው ሁለተኛ ስም ይቀመጣል፤ በሱ ውስጥ ሐና ኀ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠዋል። ኃላፊው ሲፈልጉ የጻፉት ቃል በዚሁ መልክ ተለውጦ ከዚህ ከተሰወረው ስም ጋር ይመሳከራል፤ የሚታያቸው ግን እውነተኛው ነው። ኃይሉም፣ ሐይሉም፣ ሀይሉም ቢሏቸው ሁሉም ይገኛሉ።

ትንንሾቹን ነገሮች በፍጥነት ልለፍ። ታብ የሚባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚኬድበት ተራ የሚወሰነው ታብ ኢንዴክስ በሚባል ቍጥር ነው፤ ሣጥኖቹን እንደ ዘበት ከጨመራችኋቸው ተራው ከስም ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ አባት ስም ይዘላል። ኃላፊው ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ስለሚጽፉ ይህ ለሳቸው ከቀለሙ ሁሉ ይበልጣል። የፊደሉን ዓይነት በተመለከተ ኤብሪማ ወይም ኒያላ የሚባለውን ለፎርሙ ለራሱ ከሰጣችሁት ሣጥኖቹ ሁሉ ይወርሱታል፤ እኛ ግን ይህን ሳናውቅ ለያንዳንዱ ስንሰጥ ግማሽ ቀን ፈጀን። አማርኛ በሚጻፍበት ሌብል ላይ ቦታ አትቈጥቡ፤ ፊደላችን ሰፊ ነው፤ «የአያት ስም» የሚለው «የአያት ስ» ሆኖ ለብዙ ቀን ቈይቶብናል።

ፎርሙ ከጥር ወር ጀምሮ በቤተ መጻሕፍታችን ይሠራበታል። ኃላፊው ግን ትልቁን መዝገብ አሁንም አልተዉም፤ መብራት ሲጠፋ በሱ ይጽፉና ሲመለስ ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገቡታል። ይህን ሲያደርጉ የተዋሰበት ቀን ያለፈ ስለ ሆነ ፎርሙ ሁልጊዜ የዛሬውን ቀን ከመጻፍ ይልቅ ቀኑን እንዲያስመርጥ አስተካክለነዋል። ያልተጨረሰው ሥራ በሰኔ የሚወጣው የዝርዝር ገጽ ነው፤ ስሞቹን በፊደል ተራ ሲደረድር ሐን ከሀ ለይቶ እሩቅ ስለሚያስቀምጥ በተሰወረው ስም መደርደር አለበት። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለምንሄድ ይህ የ11ኛ ክፍል አባሎች ድርሻ ነው። ክበቡ ዘወትር ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ይሰበሰባል፤ የፎርሙም ቅጂ ከነማብራሪያው በመምህራችን ዘንድ ይገኛል።